«ኩላሊት ተተክሎልኛል» ብላችሁ ጀምሩ፦ አንቲባዮቲክ ከመዋጣችሁ በፊት

ሐሙስ ጠዋት ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ለሰርግ የታዘዘ ቀሚስ ጥልፍ ልጀምር ብዬ ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ ሳስገባ አልገባ አለኝ። ክሩን አርጥቤ ሞከርኩ። አልገባም። መነጽሬን ጠርጌ ሞከርኩ። አሁንም የለም። ከዚያ ዓይኔን ከመርፌው ላይ አንስቼ እጄን አየሁት። ይንቀጠቀጣል። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ መርፌ ይዤ ኖሬያለሁ፤ እጄ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም።

ራሴንም ከረቡዕ ጀምሮ እያመመኝ ነበር። «የጨጓራው መድኃኒት ይሆናል፣ ይለምደኛል» ብዬ ዝም አልኩ። የጨጓራው መድኃኒት መሆኑንስ አልሳትኩም። ዝም ማለቴ ግን ኩላሊቴን ሊያሳጣኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ አንድ ኩላሊቱን ሰጥቶኝ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ተደረገልኝ። እዚያ አገልግሎቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ ውጭ አገር መሄጃውን ብር ከየት አመጣው ነበር? ከተተከለልኝ ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ ሦስት መድኃኒት እወስዳለሁ፦ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን። የሰውነቴ መከላከያ የወንድሜን ኩላሊት እንደ ባዕድ አይቶ እንዳያጠቃው አቅሙን ይቀንሱታል። ሥራቸው ይኸው ነው።

የዚያን ሳምንት ሰኞ ጨጓራዬ ቢያስቸግረኝ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። «የጨጓራ ባክቴሪያ አለሽ» ተባልኩ፤ ኤች ፓይሎሪ የሚሉት ነው። ለ14 ቀን የሚዋጥ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ታዘዘልኝ፦ አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ኦሜፕራዞል። ለብዙ ሰው የሚታዘዝ የተለመደ ሕክምና ነው። ሌላ የምወስደው መድኃኒት ይኑር አይኑር ግን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም። ጨጓራንና ኩላሊትን ምን ያገናኛቸዋል ብዬ።

ሐሙስ ክሩ እምቢ ሲለኝ ክትትል ወደማደርግበት ክፍል ደወልኩ። ነርሷ የመድኃኒቶቹን ስም አንድ በአንድ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ክላሪትሮማይሲን ላይ ስደርስ «ቆይ፣ ዶክተሩን ልጠይቀው» አለችና ወዲያው ተመለሰች። «የማታውን ታክሮሊመስ እንዳትውጪ። አሁኑኑ ነይ።»

ደሜ ተለካ። 6 እና 7 ላይ የሚውለው የታክሮሊመስ መጠኔ ከ20 አልፏል። 1.1 የነበረው ክሪያቲኒኔ፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ከፍ የሚለው ቆሻሻ፣ 2.3 ገብቷል። ክላሪትሮማይሲኑ ቆመ። ታክሮሊመሱንም ሐኪሞቹ ለሁለት ቀን አቆሙት፤ ከዚያ እየለኩ ቀስ ብለው መለሱት። ክሪያቲኒኔ ወደ ቦታው ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ወንድሜን ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ «ይህን ያህል ዋጡ፣ ይህን ያህል ቀንሱ» አልልም። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሐኪሞቼንና ፋርማሲስቶችን ሳልታክት ጠይቄ የገባኝን፣ እኔም የማደርገውን ግን ልንገራችሁ። ኩላሊት ለተተከለለት ብቻም አይደለም። ለቁርጥማት ሜቶትሬክሴት የሚወስድ፣ ለሉፐስ ወይም ለአንጀት ቁስለት አዛታዮፕሪን የሚወስድ፣ ፕሬድኒሶሎን ለወራት የሚውጥ ሰውም ያንብበው።

ሰውነታችን ውስጥ ምን ይፈጠራል?

አንድ ባልዲ አስቡ። ከላይ ቧንቧ ይፈስበታል። ከሥር ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ በዚያ ይወጣል። ሐኪሙ ዶዛችሁን ሲወስን የሚፈልገው ውኃው ሁልጊዜ አንድ ከፍታ ላይ እንዲቆም ነው። ካነሰ መከላከያው ነቅቶ ኩላሊቱን ያጠቃል። ከበዛ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል።

ቀዳዳው ጉበትና አንጀት ውስጥ ያለ መድኃኒት የሚያፈርስ ኢንዛይም ነው። ክላሪትሮማይሲን ይህን ቀዳዳ ይደፍነዋል። እኔ ያው የለመድኩትን ታክሮሊመስ በሰዓቱ እየዋጥኩ ነበር። አንዲት ክኒን አልጨመርኩም። ባልዲው ግን ሞልቶ ፈሰሰ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ራስ ምታት፣ የደም ግፊት መጨመር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እነዚህ ሁሉ ታክሮሊመስ መብዛቱን የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው።

ቀዳዳውን የሚያሰፋም አለ። ያን ጊዜ ባልዲው ይጎድላል። የዚህኛው ክፋቱ ምንም ምልክት ላይሰጣችሁ መቻሉ ነው። እጃችሁ አይንቀጠቀጥም፣ ራሳችሁን አያማችሁም፤ ኩላሊታችሁ ግን እየተጠቃ ነው።

አንዲት ፋርማሲስት ያጫወተችኝን ሁልጊዜ አስበዋለሁ። ታክሮሊመስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 ጃፓን ውስጥ ጽኩባ ከሚባል አካባቢ በተወሰደ አፈር ውስጥ ካለ ባክቴሪያ ነው። በኬሚካል ወገኑ ማክሮላይድ ነው። ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲንም ማክሮላይድ ናቸው። ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ላይ ሲጋፉ ደግሞ ዝምድናቸው አይጠቅመንም።

በስም የማውቃቸው መድኃኒቶች

ይህ ዝርዝር ሙሉ አይደለም፤ ሙሉውን የሚያውቀው ሐኪማችሁ ነው። እዚህ አገር ብዙ ጊዜ እጃችን የሚገቡትን ብቻ ላንሳ።

ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ታክሮሊመስን ወይም ሳይክሎስፖሪንን (እንደ ታክሮሊመስ መከላከያን የሚቀንስ ሌላ መድኃኒት ነው) ደም ውስጥ በጣም ይጨምራሉ። እኔ በቤቴ ፍሪጅ ላይ «ክላሪትሮ፣ ኤሪትሮ፦ ሳይደወል አይነካም» ብዬ ለጥፌያለሁ። የጨጓራ ባክቴሪያዬ በኋላ ታክሟል፤ ግን ክላሪትሮማይሲን በሌለበት ቅንብር፣ የታክሮሊመስ መጠኔ እየተለካ። ስለዚህ «እኔ ጨጓራዬን መታከም አልችልም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ሌላ መንገድ አለ።

አዚትሮማይሲን የእነሱ ዘመድ ቢሆንም ቀዳዳውን እንደ እነሱ አይደፍንም። ቢሆንም ምንም አያደርግም ማለት አይደለም፤ የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲ ያለች የአክስቴ ልጅ ለበዓል ስትመጣ «ቤት ይኑርሽ፣ ጉንፋን ሲይዝሽ ትወስጂዋለሽ» ብላ አንድ ፓኬት ሰጥታኝ ነበር። ፍቅሯን ተቀበልኩ። መድኃኒቱን ግን ቤት አላኖርኩትም። ጉንፋን ከቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። እኔ ደግሞ እጄ ላይ ካለ አንድ ቀን እውጠዋለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ።

የፈንገስ መድኃኒቶች አንቲባዮቲክ ባይሆኑም እዚህ ላይ መጠቀስ አለባቸው። ፍሉኮናዞልና ኬቶኮናዞል እንደ ክላሪትሮማይሲን ቀዳዳውን ይደፍናሉ። አንቲባዮቲክ ስትወስዱ አፍ ውስጥ ወይም ብልት አካባቢ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ፋርማሲ ሄዶ «አንድ ፍሉኮናዞል ስጡኝ» ማለት የተለመደ ነው። እናንተ አታድርጉት።

ፍላጂል፣ ማለትም ሜትሮኒዳዞል፣ ለአሜባና ለጃርዲያ እንደ ከረሜላ ነው የሚገዛው። እሱም የታክሮሊመስና የሳይክሎስፖሪን መጠን ሊጨምር ይችላል። እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። ተቅማጥ ራሱ የታክሮሊመስን መጠን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ሆዳችሁ ተበላሽቶ ፍላጂል ብትጀምሩ ሁለት ጊዜ ትመታላችሁ። ሆድ ሲበላሽ መጀመሪያ ደውሉ።

ሪፋምፒሲን ከላይ ያልኩት ቀዳዳውን የሚያሰፋው ነው። ሽንትን የሚያቀላው የቲቢ መድኃኒት። አገራችን ውስጥ ቲቢ ሩቅ በሽታ አይደለም፤ መከላከያችን የቀነሰ ሰዎች ደግሞ ይበልጥ እንጋለጣለን። ክትትል የምናደርግበት አዳራሽ ውስጥ የማውቃቸው አንድ አባት ቲቢ ይዟቸው ነበር። ሕክምናው ሲጀመር የታክሮሊመሳቸው መጠን ከጥቂት ቀናት በኋላ በጣም ወረደ። ዶዛቸው ብዙ ጊዜ ተጨመረ። በየጥቂት ቀኑ ደም ሲሰጡ አያቸው ነበር። ኩላሊታቸውም ተርፏል፣ ቲቢውም ድኗል። እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ ሪፋምፒሲን ፕሬድኒሶሎንንም ይቀንሳል። ካቆሙት በኋላም ኃይሉ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። የቲቢ ሕክምና በጤና ጣቢያ ከተጀመረላችሁ የንቅለ ተከላ ሐኪማችሁ በዚያው ቀን ማወቅ አለበት። የቲቢውን መድኃኒት ግን ፈርታችሁ አትተዉት።

ጄንታማይሲን መርፌ ነው። እኛ «መርፌ ይሻላል፣ ቶሎ ያድናል» ማለት እንወዳለን። ጄንታማይሲን ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ ታክሮሊመስና ሳይክሎስፖሪንም እንዲሁ። ሁለቱ ሲደመሩ የከፋ ነው። ከመርፌው ጋር ለሕመም ማስታገሻ ብለው ዳይክሎፌናክ የሚጨምሩም አሉ። እሱና አይቡፕሮፌን ለተተከለ ኩላሊት ጠላት ናቸው። እጄን ለመርፌ ከመዘርጋቴ በፊት «ስሙ ምንድን ነው?» እላለሁ። የሰጪው ፊት ቢጠቁርም እጠይቃለሁ።

ሲፕሮ፣ ማለትም ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለሽንት ቱቦ ኢንፌክሽንና «ታይፎይድ ነው» ሲባል ይታዘዛል። ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲወሰድ ከተረከዝ በላይ ያለውን ወፍራም ጅማት ሊያሳብጥ፣ አልፎም ሊበጥስ ይችላል። ዕድሜው ከ60 በላይ የሆነና ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ሲፕሮ ጀምራችሁ እዚያ ጋ ሕመም ከተሰማችሁ፣ «ጫማው ነው» ሳትሉ መድኃኒቱን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ከወተት፣ ከካልሲየም፣ ከአይረን ወይም ከጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ጋር ባንድ ላይ ከተዋጠም በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ በሰዓት መራራቅ አለባቸው።

ታይፎይድ ካልኩ አይቀር ትንሽ ልጨምር። በአንድ የደም ጠብታ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ» የሚባለው ምርመራ ለማንም ሰው ብቻውን እምነት የሚጣልበት አይደለም። የእኛ ሰውነት ደግሞ መከላከያው ስለቀነሰ ምርመራው የሚፈልገውን ምላሽ በትክክል ላያሳይ ይችላል። እኔ ትኩሳት ሲኖረኝ የደም ወይም የሽንት ከልቸር ይሠራልኝ ብዬ እጠይቃለሁ። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ያሳያል። ውጤቱ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ከማይመለከተን አንቲባዮቲክ ያድነናል።

ኦግመንቲን፣ አሞክሳሲሊን ከክላቩላኔት ጋር ያለው፣ ከታክሮሊመስ ጋር የጎላ ጠብ የለውም። የማይኮፌኖሌትን መጠን ግን ሊቀንስ ይችላል። ሐኪሜ እያወቀ ወስጄው አውቃለሁ፤ ማይኮፌኖሌቴን ራሴ አልነካሁትም። ያው «ደህና» የሚባለው መድኃኒት እንኳ ስልክ ይፈልጋል ለማለት ነው።

ባክትሪም፦ ለአንዱ ጠባቂ፣ ለሌላው አደጋ

ይህን ለብቻው የማወራው ከሁሉም በላይ ሰው ስለሚያደናግር ነው። ኮትሪሞክሳዞል፣ እኛ ባክትሪም የምንለው፣ ንቅለ ተከላ ካደረግሁ በኋላ ለወራት በትንሽ ዶዝ በየቀኑ ወስጄዋለሁ። መከላከያው በቀነሰ ሰው ላይ የሚመጣ አንድ ከባድ የሳንባ ምች አለ፤ እሱን ለመከላከል ነው። ሐኪሞቼ ፖታሲየሜንና ክሪያቲኒኔን እየለኩ ሰጡኝ። ታክሮሊመስም ባክትሪምም ፖታሲየም ከፍ ያደርጋሉና።

ጎረቤቴ ደግሞ ቁርጥማት አለባት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ እሑድ፣ ሜቶትሬክሴት ትወስዳለች። ሽንቷን ሲያቃጥላት ባክትሪም ተሰጣት። «እትዬ፣ አንቺስ ስትወስጂው አልነበር?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እወስደው ነበር። ያን ጊዜ አላወቅሁም እንጂ ሜቶትሬክሴትና ባክትሪም አንድ ላይ መሆን የለባቸውም። ሁለቱም የደም ሴል ማምረቻውን በአንድ መንገድ ይጎዱታል፤ ባክትሪም ሜቶትሬክሴቱ በኩላሊት እንዳይወጣም ያደርጋል። ከሳምንት በኋላ አፏ ውስጥ ሁሉ ቆሰለ። ውኃ እንኳ መዋጥ አቃታት። ክንዷ ላይ ምንም ሳይመታት ሰማያዊ ምልክት ወጣ። ሆስፒታል ስትደርስ ነጭ የደም ሴሏም፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌቷም ወርዶ ተገኘ። ለሁለት ሳምንት ተኝታ ዳነች።

ሜቶትሬክሴት የምትወስዱ ሁሉ፣ ይህን ስም በቃላችሁ ያዙት፦ ባክትሪም፣ ሴፕትሪን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ትራይሜቶፕሪም። ልጅ ቢሰጣችሁ፣ ባለሙያ ቢሰጣችሁ፣ «ሜቶትሬክሴት ነው የምወስደው» በሉ። አዛታዮፕሪን የምትወስዱም ጠይቁ፤ የደም ሴል መውረድ እናንተንም ይመለከታል። አሞክሳሲሊንና ሌሎቹ የፔኒሲሊን ወገኖችም ሜቶትሬክሴት ከሰውነት የሚወጣበትን ፍጥነት ሊቀንሱ ስለሚችሉ ሐኪማችሁ ይወቅ።

ፋርማሲ ውስጥ የምለው

ክሊኒክ ገብቼ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያው ቃሌ ሕመሜ አይደለም። «ኩላሊት ተተክሎልኛል» ነው። ከዚያ የሦስቱን መድኃኒት ስም እጠራለሁ። ከዚያ ነው «አሁን ያመመኝ እንዲህ ነው» የምለው። ቅደም ተከተሉ ለውጥ አለው። ሐኪሙ ማዘዣውን መጻፍ ከጀመረ በኋላ ስናገር ብዙ ጊዜ አይሰማኝም።

ፋርማሲም እንደገና እናገራለሁ። «የኔ ልጅ፣ ከመስጠትሽ በፊት ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ። ይህ ከእነሱ ጋር ይጋጫል? የታክሮሊመስ መጠኔ መለካት ይኖርበታል? ዶዙስ ለኩላሊቴ ልክ ነው?» ብዙ አንቲባዮቲክ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ሦስተኛው ጥያቄም ትልቅ ነው።

ፋርማሲስቷ ስልኳን ወይም መጽሐፏን ከፍታ ካየችልኝ ደስ ይለኛል። ሳታይ «ምንም ችግር የለውም እናቴ» ካለችኝ አመስግኜ እዚያው ቆሜ የክትትል ክፍሌን እደውላለሁ። ካላነሱልኝ የመድኃኒቱን ፎቶ በቴሌግራም እልካለሁ። መልስ እስኪመጣ አልውጥም። የገዛሁት አንቲባዮቲክ አንድ ማታ ቦርሳዬ ውስጥ ቢያድር ለቀላል ሕመም ጉዳት የለውም።

ለትኩሳት ግን ይህ አይሠራም። ትኩሳታችሁ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ብርድ ብርድ ብሎ ካንቀጠቀጣችሁ፣ መተንፈስ ካስቸገራችሁ ወይም ሽንታችሁ ከቀነሰ፣ መልስ እየጠበቃችሁ ቤት አትተኙ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እኛ ላይ ኢንፌክሽን ቶሎ ይስፋፋል። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ትኩሳትን ሊደብቅ ይችላል። ቴርሞሜትሩ 37 ብሎ እናንተ ግን ከወትሮው የተለየ ድካም ከተሰማችሁ ድካሙን እመኑት። እዚያ አስቸኳይ አንቲባዮቲክ ቢያስፈልጋችሁ አትከልክሉ። መድኃኒታችሁን ተናገሩ፣ የሐኪማችሁን ስልክ ስጡ፣ ሕክምናውን ተቀበሉ። እኔ ከዚያ ሐሙስ በኋላ ለጥቂት ወራት አንቲባዮቲክ የሚባል ሁሉ ፈርቼ የሽንት ማቃጠል ሦስት ቀን ደብቄ ያዝኩ። ኩላሊቴ ድረስ ሊወጣ ነበር። አንቲባዮቲክ ጠላታችን አይደለም። በትክክል የተመረጠው ያድነናል።

ዋናውን መድኃኒት ራሳችሁ አታቁሙ

ስታመም ዘመድ ይሰበሰባል። በቅንነት የሚመጣ ምክር አለ። «ያ መድኃኒት እኮ ነው አቅምሽን የጨረሰው። አንቲባዮቲኩን እስክትጨርሺ ተይው» ይሉኛል። ጸበል ስሄድም እንዲህ ያለኝ ሰው ነበር። ጸበሌንም እጠመቃለሁ፣ ክኒኔንም በሰዓቱ እውጣለሁ።

ታክሮሊመስን ለጥቂት ቀናት በራሳችሁ ብትተዉ ሰውነታችሁ ኩላሊቱን አልቀበልም ሊል ይችላል። ፕሬድኒሶሎንን ለረጅም ጊዜ ወስዳችሁ ድንገት ብታቆሙ ሰውነታችሁ በሕመም ጊዜ የሚያስፈልገውን ሆርሞን በራሱ ማምረት ስለሚያቅተው ግፊታችሁ ወርዶ ራሳችሁን ልትስቱ ትችላላችሁ። እንዲያውም በከባድ ሕመም ጊዜ ሐኪም ሊጨምረው ይችላል።

ለቁርጥማት የሚወሰደው ሜቶትሬክሴትና በመርፌ የሚሰጡት ባዮሎጂክ የሚባሉት ግን ይለያሉ። ከባድ ኢንፌክሽን ሲኖር ሐኪም «እስኪሻልሽ ይቆይ» ሊል ይችላል። ጎረቤቴን ብሏታል። እንግዲህ የእሷን ሰምቼ እኔ ባቆም፣ የእኔን ሰምታ እሷ ብትቀጥል ሁለታችንም እንጎዳለን። የየራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ።

ልኬቱ

አንቲባዮቲክ ሲጀመርላችሁ «የታክሮሊመስ መጠኔ መቼ ይለካ?» ብላችሁ ቀኑን አስጽፉ። ደም የሚሰጠው የጠዋቱ ዶዝ ከመዋጡ በፊት ነው። እኔ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው የምውጠው። የልኬት ቀን ክኒኔን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ እሄዳለሁ፣ ደም እሰጣለሁ፣ ከዚያ እውጣለሁ። ውጦ ደም መስጠት መጠኑን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ሐኪሙም ተሳስቶ ሊቀንስ ይችላል። አንድ ጊዜ ረስቼ ውጬ ሄጄ ነበር። ለባለሙያዋ ነገርኳት፣ ለማግስቱ ተዛወረልኝ። ደብቄ ደም ብሰጥ ኖሮ የእኔ ባልሆነ ቁጥር ነበር የሚያክሙኝ።

ክሪያቲኒንና ፖታሲየምም አብረው ይታያሉ። ቁጥሮቹን በትንሽ ደብተር እጽፋለሁ፦ ቀን፣ መጠን፣ ክሪያቲኒን፣ ያን ሰሞን የወሰድኩት ሌላ መድኃኒት። የልብስ ልክ የምጽፍበት ዓይነት ደብተር ነው። ሐኪም ሲቀየር ደብተሩን ነው የማሳየው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ደግሞ አለ። አንቲባዮቲኩ ሲያልቅ ነገሩ አላለቀም። ቀዳዳውን ደፍኖ የነበረው መድኃኒት ሲወጣ ቀዳዳው ይከፈታል። ሐኪም በዚያ ምክንያት ዶዛችሁን ቀንሶላችሁ ከነበረ አሁን የተቀነሰው ዶዝ ያንሳችኋል። ሪፋምፒሲን ሲያልቅ ደግሞ በተቃራኒው የተጨመረው ይበዛባችኋል። ስለዚህ አንቲባዮቲኩን በጨረሳችሁበት ሳምንት «ጨርሻለሁ፣ ልለካ?» ብላችሁ ደውሉ። የታዘዘላችሁን ቀን ሳይሞላ «ተሻለኝ» ብላችሁ ካቆማችሁም ያንኑ ተናገሩ።

መድኃኒት ባይሆንም ግሬፕ ፍሩት የሚባለው ፍሬ ያችኑ ቀዳዳ ይደፍናል። ጭማቂ ቤት ስትገቡ ጠይቁ። ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ከተውኩ ቆይቷል፤ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገኝን ቀን ቀንሶልኛል ብዬ አምናለሁ።

ካርዱ

ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከመታወቂያዬ ጀርባ፣ በላስቲክ የተለበጠ ካርድ አለ። ወንድሜ ነው ያሠራልኝ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፏል፤ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ ነው የሚያነቡት። ስሜ፣ የተተከለልኝ ዓመት፣ የደም ዓይነቴ። የሦስቱ መድኃኒት ስም ከነዶዛቸው፤ የንግድ ስማቸውን ሳይሆን ዋናውን ስም ነው የጻፍኩት፣ ምክንያቱም የንግድ ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል። ታክሮሊመሱ ራሱ ከሌላ አምራች ሲመጣ መጠኑ ሊለወጥ ስለሚችል ያንንም አሳውቃለሁ። ሥር በቀይ «ክላሪትሮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ፍሉኮናዞል፣ ሪፋምፒሲን፣ ጄንታማይሲን፣ ዳይክሎፌናክ ከመስጠታችሁ በፊት ደውሉ» ይላል። ጀርባው ላይ የክትትል ክፍሉ ስልክና የወንድሜ ስልክ አለ።

አንዱን ካርድ ቦርሳዬ ይዞታል። ሌላው ሱቁ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ነው። ራሴን ስቼ ብወድቅ አብራኝ የምትሠራው ልጅ የት እንዳለ ታውቃለች።

ያን የሰርግ ቀሚስ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የጨረስኩት። ሙሽሪት ጠበቀችኝ። ክሩ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ።